ማስተካከያ፦ ስለ ሳንሉካር ሼሪና ታፓስ

በደቡብ ስፔን ስለምትገኘው የባሕር ዳር ከተማ ስለ ሳንሉካር ዴ ባራሜዳ ቀደም ሲል በወጣው የጉዞ መረጃ «ሼሪ ከምግብ በኋላ የሚጠጣ ጣፋጭ ወይን ነው፤ ታፓሱም (ከመጠጥ ጋር የሚበላው ትንሽ ምግብ) ከመጠጡ ጋር በነፃ ይመጣል» ተብሎ ነበር። ሁለቱም መስተካከል አለባቸው።

የሳንሉካር ሼሪ ማንሳኒያ ይባላል። ፓሎሚኖ ከሚባል ነጭ የወይን ፍሬ ይሠራል፤ ጣፋጭነት የሚባል ነገር የለውም። አልኮሉ 15 በመቶ አካባቢ ነው። በርሜሉ እስከ አፉ አይሞላም። በወይኑ ላይ እርሾ ስስ ነጭ ሽፋን ሠርቶ ከአየር ይጠብቀዋል። ከባሕሩና ከጓዳልኪቪር ወንዝ የሚነሳው እርጥበት ሽፋኑ ዓመቱን ሙሉ እንዳይሞት ይረዳል። ማንሳኒያ ተብሎ ለመሸጥም የግድ እዚያው ሳንሉካር በርሜል ውስጥ ቆይቶ መብሰል አለበት።

የሚጠጣው በደንብ ቀዝቅዞ፣ ከምግቡ ጋር ነው። በወንዙ ዳር ባለው ባሆ ዴ ጊያ ሰፈር ከተቀመጡ ቶርቲዪታ ዴ ካማሮኔስ ይዘዙ። ጥቃቅን ሽሪምፕ ከነቅርፊቱ በስንዴና በሽምብራ ዱቄት ሊጥ ተለውሶ፣ ሽንኩርትና ፐርስሊ ገብቶበት በዘይት ይጠበሳል። ስስ ነው፤ ጠርዙ ሲነክሱት ኩርሽም ይላል። እዚህ ላይ ጣፋጭ ሼሪ ማዘዝ ምግቡን መግደል ነው። ፔድሮ ሂሜኔዝ የሚባለው ጣፋጭ ሼሪ ለአይስክሬም ይቆይ።

ነፃ ታፓስ በተለይ የግራናዳ ከተማ ልማድ ነው። ሳንሉካር ላይ ለሚያዙት ሳህን ይከፍላሉ። ታዋቂው ትልቁ ሽሪምፕ ላንጎስቲኖ ደግሞ ብዙ ጊዜ በክብደት ስለሚሸጥ፣ ከማዘዝዎ በፊት ዋጋውን ይጠይቁ።