ከ49 ዓመት በኋላስ?

የጎጃም ሴት ከጤና ተቋም ጋር የምትገናኘው በአብዛኛው ለመውለድ ወይም ላለመውለድ ነው። ስታረግዝ ክትትል አለ። ምጥ ሲመጣ አምቡላንስ ይጠራል። ከወለደች በኋላ መርፌው፣ ክንድ ላይ የሚቀበረው፣ የልጅ ክትባቱ ይቀጥላል። የአገሪቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንኳ የሚጠይቀው ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉትን ሴቶች ነው። የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራውም በዋናነት የሚያተኩረው ከ30 እስከ 49 ባሉት ላይ ነው። ሃምሳ ከሞላት በኋላ እንዴት ነሽ የሚላት የለም።

ሰውነቷ ትልቁን ለውጥ የሚያየው ግን ያኔ ነው። ማረጥ ብዙውን ጊዜ ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ይመጣል። የወር አበባ ሳይታይ 12 ወር ሲሞላ አረጠች ይባላል። ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን በጣም ይቀንሳል። ይህ ሆርሞን ለመውለድ ብቻ የሚያገለግል ይመስለናል። ግን አጥንትንም ይጠብቃል፣ ለደም ሥር ይበጃል፣ የብልትና የሽንት ቧንቧ አካባቢ እንዳይደርቅ ያደርጋል። አንጎል የሰውነትን ሙቀት በሚቆጣጠርበት ሥራም እጁ አለበት።

ስለዚህ ሲጎድል ፊቷና ደረቷ ወላፈን እንደመታው ድንገት ይግላል። በደብረ ማርቆስ ብርድ ሌሊት ጋቢዋን ገፍፋ፣ በላብ ተነክራ ትቀመጣለች። ጤና ጣቢያ ስትሄድ የወባ ምርመራ ይታዘዝላታል። ወባ ከሌለ ታይፎይድ ነው ትባላለች። መድኃኒቱን ጨርሳም ሌሊቱ ያው ነው። ቤተሰቡ ደግሞ ምች ነው ብሎ ዳማከሴ ይጨምቅላታል። የወር አበባሽ መቼ ቆመ የሚል ጥያቄ ከአንዱም አይመጣም።

እርግጥ ማረጥ ለብዙ እናቶቻችን እፎይታም ነው። ቤተ ክርስቲያን ለመግባት ቀን መቁጠር ይቀራል። ቆብ ጭነው እማሆይ የሚባሉም ብዙ ናቸው። ይህን ዕድሜ እንደ በሽታ ቆጥረን እናስፈራራቸው አልልም። ችግሩ እፎይታው ሕመሙን ሲሸፍነው ነው።

በተለይ ከወገብ በታች ያለው አይወራም። ሽንት ያቃጥላል፣ ሲስሉ ያመልጣል። ግንኙነት ያማል። ባል ጠላችኝ ይላል፣ እሷ አፍራ ዝም ትላለች፣ መኝታ ይለያል። በልጅነቷ ተድራ፣ ስድስት ሰባት ወልዳ፣ ዕድሜ ልኳን እንስራና እንጨት የተሸከመችዋ ላይ ደግሞ ማህፀን መውጣት ይታከልበታል። ኤስትሮጅን ሲጎድል ያ አካባቢ ይሳሳልና የላላው ይብስበታል። ይህን ለዓመታት ደብቀው የሚኖሩ አሉ። ለድርቀቱ ብልት ውስጥ የሚደረግ፣ መጠኑ አነስተኛ የሆነ የኤስትሮጅን ክሬም አለ። ወደ ደም የሚገባው በጣም ትንሽ ነው። የወጣ ማህፀንም ቀለበት በሚመስል መደገፊያ ወይም በቀዶ ሕክምና ይታከማል።

አጥንቱ ምልክት አይሰጥም። ካረጡ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ዓመታት ቶሎ ይሳሳል። አንድ ቀን ከቅዳሴ ስትመለስ ጭቃ ያዳልጣትና ዳሌዋ ይሰበራል። ወጌሻ ይጠራል፣ እርጅና ነው ይባላል፣ በዚያው አልጋ ይዛ ትቀራለች። እናቶች ሲያረጁ ጾሙን ያጠብቃሉ። ይህ ማለት ግማሽ ዓመት ያህል ወተትና አይብ አይቀምሱም። ጾሙን ተይ የሚል ሐኪም ጎጃም ውስጥ ሰሚ አያገኝም፣ እንዲህ ሊልም አይገባም። ጎመኑን፣ የጤፍ እንጀራውን፣ ፀሐይ መሞቁን፣ በእግር መሄዱን ማበርታት ይቻላል። ፍስክ ሲገባም ወተቱን ሁሉ ለልጅ ልጅ አይስጡት። ተልባን በተመለከተ፣ ኤስትሮጅን መሳይ ነገር እንዳለው እውነት ነው። ለሆድም ጥሩ ነው። ወላፈኑን እንደሚያቆም ግን አልተረጋገጠም።

የጎደለውን ኤስትሮጅን ስለሚተካው የሆርሞን መድኃኒት ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ግማሹ ካንሰር ነው ይላል፣ ግማሹ ወጣት ያደርጋል ይላል። ፍርሃቱ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2002 ከአሜሪካ ነው። ኤስትሮጅንንና ፕሮጀስቲን የተባለ ፕሮጀስትሮን መሰል ሆርሞንን አጣምሮ በ16,608 ሴቶች ላይ የሞከረ ጥናት ከቀጠሮው በፊት ቆመ። የጡት ካንሰር፣ ስትሮክና የደም መርጋት ጨምረው ነበር። የጡት ካንሰሩ ጭማሪ በዓመት ከ10,000 ሴቶች 8 ገደማ ነው። ሴቶቹ በአማካይ 63 ዓመታቸው ነበር፣ ብዙዎቹም ካረጡ ቆይተዋል። የዳሌ ስብራት መቀነሱን ያነሳው ጥቂት ሰው ነው። በኖቬምበር 2025 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በእነዚህ መድኃኒቶች ላይ የነበረውን ከባድ ማስጠንቀቂያ አብዛኛውን ሊያነሳ መሆኑን አስታወቀ።

እኔ ግን ከፍርሃት ወደ ጭብጨባ መዝለሉም አልጣመኝም። ከ60 ዓመት በታች ለሆነች ወይም ካረጠች 10 ዓመት ላልሞላት፣ ወላፈኑ እንቅልፍ ለነሳት ጤነኛ ሴት ጥቅሙ አብዛኛውን ጊዜ ይበልጣል። የጡት ካንሰር፣ ስትሮክ፣ የደም መርጋት ወይም ከባድ የጉበት ሕመም ያለባት ግን አይታዘዝላትም። ማህፀኗ በቀዶ ሕክምና ያልወጣላት ሴት የኤስትሮጅን ኪኒን ብቻውን አትወስድም። የማህፀን ግድግዳ ካንሰር ሊያስከትል ስለሚችል ፕሮጀስትሮን ወይም መሰሉ ይታከልበታል። የሴት ልጅን የወሊድ መከላከያ ኪኒን ተካፍሎ መዋጥማ ጭራሽ አይሞከርም፣ በተለይ ግፊት ላለባት።

ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል አለ፣ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል አለ። ከሞጣ ወይም ከቢቡኝ ተነስቶ እዚያ መድረስ ግን በደህናው ጊዜም ቀላል አልነበረም። ስለዚህ ጤና ኬላ ላይ ጥቂት ጥያቄዎች ይጨመሩ እላለሁ። የወር አበባሽ ከቆመ ስንት ጊዜ ሆነው? ሌሊት ያልብሻል? ሽንት ያስቸግርሻል? ወድቀሽ ተሰብረሽ ታውቂያለሽ? ደምስ አይተሻል? ለዚህ መሣሪያም በጀትም አያስፈልግም።

የመጨረሻው ጥያቄ ነገ ዛሬ አይባልበትም። ካረጠች አንድ ዓመት ያለፋት ሴት ደም ካየች፣ ጠብታም ቢሆን፣ የማህፀን ወይም የማህፀን በር ካንሰር ምልክት ሊሆን ይችላል። ጠበሉም ይቀጥል፣ ምርመራው ግን በዚያው ሳምንት ይሁን።