«ሞተር ብቻ ነው ያልከኝ»

ይሄን የምጽፈው ጋራዥ ውስጥ አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ ብዬ ነው። የአባቴ ሃይሉክስ ፒካፕ ፊቴ ቆማለች። ካምቢዮዋ (የማርሽ ሳጥኗ) ወርዶ መሬት ላይ ተጋድሟል። በስድስት ሳምንት ውስጥ ሁለተኛው መውረዱ ነው። የእጅ ዋጋም ሁለተኛ ልከፍል ነው። እስኪ አሁን ማን ላይ ልጩህ?

የድሮው ሞተር 2ኤል ነበር፣ ባለ 2,446 ሲሲው። የአባይን በረሃ ሽቅብ ስንወጣ፣ ደጀን ሳንደርስ ፈላ። ቴስታታው፣ የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ተሰነጠቀ። 2ኤልን የሚያውቅ ሰው በዚህ አይገረምም። ቤተሰብ ተሰብስቦ መከረና ያገለገለ 3ኤል ይገዛ ተባለ። 2,779 ሲሲ ነው፣ የዚያው ዘር ስለሆነ ብዙ ሳያስቸግር ይገጥማል። ሶማሌ ተራ ሄደን ስንከራከር ውለን ገዛን። ኪሳችን ተራገፈ። ስለዚህ መካኒኩን «ጋሼ፣ ሞተሩን ብቻ ይቀይሩልኝ» አልኳቸው። ቀየሩልኝ። ሞተሩን ብቻ።

ከወር በኋላ እንጦጦን ስወጣ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናዋ ግን አትሄድም። የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ፍሪሲዮን፣ ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው! ካምቢዮው ሲወርድ የፍሪሲዮኑ ዲስክ በዘይት ርሷል። ዘይቱ የመጣው ሞተሩ ከካምቢዮ ጋር ከሚገጥምበት በኩል ካለው ፓራኦሊዮ ነው። ዘይት እንዳይወጣ የምታግድ አንዲት የጎማ ቀለበት! ያገለገለ ሞተር ስንት ጊዜ መጋዘን ተቀምጦ እንደከረመ ማን ያውቃል? ጎማው ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ሞተሩ መሬት ላይ ተቀምጦ ሳለ የሸፈናትን ከባድ ክብ ብረት፣ ቮላኖውን፣ ፈትቶ እሷን መቀየር ምን ያህል ሥራ ነበር? አሁን ግን እሷ ጋ ለመድረስ ካምቢዮው፣ ፍሪሲዮኑ፣ ቮላኖው ሁሉ መውረድ አለበት። ዋጋዋ ከአንድ ምሳ አይበልጥም። እኔ የምከፍለው ግን የመንገዱን ነው።

«ጋሼ፣ ያኔ ለምን አልነገሩኝም?»

«ልጄ፣ ሞተር ብቻ ነው ያልከኝ።»

እውነታቸውን ነው። ይሄ ነው የሚያናድደው። ሐኪም ሆድህን ከፍቶ ሌላ የበሰበሰ ነገር ቢያይ «ስላልጠየቅከኝ ዘጋሁት» ይላል? የድሮውን ዲስክ መልሰው ሲገጥሙ ማለቁን አላዩም? አይተዋል። እኔም ብሆን «ገንዘብ የለኝም» እያልኩ ስነዘንዝ አፋቸውን ዘግቻለሁ መሰለኝ። ቢሆንም አንዲት ቃል!

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። የራዲያተሩ ነገር ደግሞ ይብሳል። የድሮውን ሞተር የገደለው ሙቀት ነው አላልኩም? ታዲያ አዲሱን ሞተር ከዚያው ራዲያተር ጋር አጋቡት! ዛሬ አስከፍቼ ሳየው ግማሹ ቱቦ በዝገት ተደፍኗል። ለዓመታት የቧንቧ ውሃ ስንሞላበት ኖረን ምን እንጠብቅ? ክዳኑም የድሮው ነው፣ ጎማው ተበልቷል። ክዳን ተራ ነገር እንዳይመስላችሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ድስት ውስጥ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ራዲያተር ውስጥ ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ አፍኖ የሚይዘው ግፊት ነው። ክዳኑ ካላፈነ ሽቅብ በወጣችሁ ቁጥር ሻይ እያፈላችሁ ነው።

ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር የሚሄድበትን መንገድ የሚዘጋው ቴርሞስታትስ? የለም! ቤቱ ባዶ ነው። የሆነ ዘመን ላይ የሆነ ሰው «ለአገራችን አያስፈልግም» ብሎ አውጥቶ ጥሎታል። ይሄን አባባል ያመጣው ማን ይሆን? ያለ እሱ ናፍጣ ሞተር ቶሎ አይሞቅም፣ ነዳጅ ይበላል። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ደግሞ ቴርሞስታቱ ሲሞቅ የሚዘጋው አጭር መተላለፊያ አለ። አውጥታችሁ ከጣላችሁት ያ መንገድ ክፍት ይቀራል፣ ውሃው ከፊሉ ራዲያተር ሳይደርስ ይመለሳል። እንዳይሞቅ ብለው አወጡት፣ እንዲሞቅ አደረጉት።

ሞተሩ የሚያርፍባቸውን የሱፖርቶዎቹን ጎማ፣ የውሃ ቱቦዎቹን፣ ናፍጣ ሞተር ሲነሳ የሚያሞቁትን ካንዴሌታዎቹን አልዘረዝርም። ሁሉም የድሮ ናቸው። ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥር ማስቀየሩም ራሱን የቻለ ሌላ ብሶት ነው፣ ዛሬ አልነካካውም።

አሁን ፓራኦሊዮውም፣ ዲስኩም፣ ሬጂስፒንታውም (ፍሪሲዮኑን የሚገፋው ኩሽኔታ) እየተቀየሩ ነው። ራዲያተሩ ሊጠረግ ሄዷል። ትንሽ ቀለል ብሎኝ ሻይ አዝዤ ነበር። ጋሼ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ መጡ።

«ልጄ፣ የታይሚንግ ቺንጋውንስ ነገር?»

«ምኑ?»

«ቫልቭና ፒስተንን በልክ የሚያስኬደው ቀበቶ ነዋ። በ100 ሺህ ኪሎ ሜትር ይቀየራል። ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይላተማሉ። ሞተሩን የሸጠልህ ሰው ስንት እንደነዳ ነግሮሃል?»

ሻጩ ጋ ደወልኩ። ሦስት ጊዜ። አያነሳም።