ወራጅ አለ!

ባለፈው ሰሞን አንድ ጓደኛዬ ፌስቡክ ላይ የቀይ አውቶቡስ ፎቶ ለጠፈ። ባለ ሁለት ፎቅ ነው፣ ላዩ ክፍት፣ ቱሪስት ሞልቶበታል። ከሥሩ «ድሬ የጎደላት ይሄ ብቻ ነው» ብሎ ጽፏል። ላይኩ ዘነበለት። ማታ ድሬዳዋ ውስጥ ከዚራ የሚባለው ሰፈር ሻይ ልንጠጣ ስንገናኝ ወሬው ከስልክ ወደ ጠረጴዛ ወረደ። ግማሹ «ይምጣ» አለ፣ ግማሹ ሳቀ። እኔ ቀና ብዬ ዛፎቹን አየሁ።

የከዚራን ዛፎች የሚያውቅ ያውቃል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ተነስተው መሐል ላይ ይጨባበጣሉ። ባለ ሁለት ፎቁ እዚህ ከገባ ላይ የተቀመጠው እንግዳ ከተማ ሳይሆን ቅጠል ሲመታው ይውላል። ዛፍ የሌለበት ሰፈር ደግሞ ፀሐዩ አለ። በግንቦት ድሬ ላይ ሰውን ክፍት ፎቅ ላይ አውጥቶ ማስቀመጥ ማስጎብኘት አይባልም፣ ቅጣት ነው።

ቀልዱን እንተወውና፣ የአውቶቡሱ ጠላት አይደለሁም። ይምጣ። የኔ ጥያቄ አንድ ነው። ተሳፋሪው «ወራጅ አለ!» ሲል የት ነው የምናወርደው?

ይህን የምለው በርሊን ከርሜ ስለመጣሁ ነው። መክረም እንኳን አይባልም፣ አራት ቀን ነው። ሦስቱ በሥራ አለቀ፣ በአራተኛው ቀን ያንኑ ቀይ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ጆሮ ማዳመጫ ይሰጣሉ። የቋንቋ ብዛት ለጉድ ነው፣ አማርኛ ግን የለም። እንግሊዝኛውን ያዝኩ። ችግሩ ትረካው ከአውቶቡሱ ጋር አይሄድም። ስለ ብራንደንቡርግ በር ሲነግረኝ በሩን አልፈነዋል። ስለ ፓርላማው ሲያወራ እኔ የማየው የሆቴል ጀርባ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ከተማው በፊቴ አለፈ፣ እኔ ግን ከተማው ውስጥ አልገባሁም። ቴሌቪዥን እንደማየት ነው። ልዩነቱ ንፋሱ ብቻ።

ዋናው ባቡር ጣቢያ ጋ ሲደርስ ወረድኩ። ጥቂት በእግሬ ሄድኩና ሐምቡርገር ባንሆፍ የሚባል ቤት አገኘሁ። የሚበላው ሐምበርገር አይደለም፣ የሐምቡርግ ባቡር ጣቢያ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ የተሠራ፣ ወደ ሐምቡርግ የሚሄደው ባቡር የሚነሳበት ጣቢያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1884 ባቡሩ ቀረ። ጎረቤቱ ሌላ ጣቢያ ስለነበረ ይሄኛው ጡረታ ወጣ ማለት ነው። ከዚያ የባቡር ሙዚየም ሆነ፣ በጦርነቱ ተመታ፣ ለዓመታት ባዶውን ቆመ። እ.ኤ.አ. በ1996 የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። የብረት ቅስቶቹ ዛሬም እዚያው ናቸው። ስገባ መጀመሪያ ዓይኔ ላይ የመጣው ሥዕል አይደለም። ለገሃር ነው። የድሬው ባቡር ጣቢያ።

አንዱ ክፍል ወለሉ ላይ ትልልቅ ጥቁር ድንጋዮች ተጋድመዋል። ዮዘፍ ቦይስ የሚባል የጀርመን አርቲስት ሥራ ነው፣ «የ20ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ» ይባላል። በልቤ «አቦ! ይሄማ ደቻቱ ወንዝ ውስጥ ሞልቶ የለ እንዴ» አልኩ። ጠጋ ብዬ ሳይ እያንዳንዱ ድንጋይ ክብ ምልክት አለው። ሰውዬው ድንጋዩን ቦርቡሮ ቁራጩን አውጥቶታል። ቀዳዳውን በሸክላ አፈርና በተዳመጠ ሱፍ ለብጦ፣ ያንኑ ቁራጭ መልሶ ሰክቶበታል። ቁስል ይመስላል። የታሰረ ቁስል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ መጥቶ ከ200 በላይ ሰው የወሰደበት ከተማ ልጅ ይህን ለመረዳት አስጎብኚ አያስፈልገውም። እዚያ ሃያ ደቂቃ ቆምኩ። ከበርሊን የቀረልኝ ያ ሃያ ደቂቃ ነው። አውቶቡሱ ያሳየኝን አሁን ብትጠይቁኝ ግማሹን አላስታውሰውም።

እንግዲህ ወደ እኛው ጣቢያ።

ድሬን የወለዳት ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ወደ ሐረር እንዲወጣ ነበር የታሰበው። ተራራው ከበደና ታች ቆመ። እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ እዚህ ደረሰ። ቦታዋንም መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» አሏት። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። እስከዚያ ድሬ ላይ ጣቢያው፣ መጋዘኑ፣ መጠገኛው ተተከለ። ፈረንሳዮቹ ከዚራን በማስመሪያ አሰመሯት። ከደቻቱ ማዶ መጋላ በራሷ መንገድ አደገች። በ2009 ዓ.ም. አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሲመረቅ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ተሠራ። የድሮው ባለ አንድ ሜትር ሐዲድ ከነግቢው መሐል ከተማ ቀረ።

ያንን ግቢ ገብታችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ? ብዙ የድሬ ልጅ ገብቶ አያውቅም፣ እኔም ከሰላሳ ዓመቴ በኋላ ነው የገባሁት። ሐዲዱ መሐል ሣር በቅሏል። የቆሙ ዋገኖች አሉ፣ ቀለማቸው ተልጦ ሦስትና አራት ድርብ ቀለም ይታያል። መጠገኛው ቤት ሰፊ ነው፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ብርሃኑ ከላይ የሚገባ። ሰዓሊ ሲያየው ምን እንደሚል አውቃለሁ። አንዱን ይዤ ገብቼ ነበር። ምንም አላለም፣ ዝም ብሎ ግድግዳውን በእርምጃ መለካት ጀመረ።

እዚህ ላይ ነው አሳቤ ያለው። ይሄ ቤት፣ ወይም ከቤቱ አንዱ ጥግ፣ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ይሁን።

አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ አንድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 ነው የተከፈተው፣ የዩኒቨርሲቲው ነው። ስሙ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል። ገብረ ክርስቶስ የት ተወለደ? ሐረር፣ እ.ኤ.አ. በ1932። ሰዓሊም ገጣሚም ነበር። ኮሎኝ ሄዶ ተማረ፣ ተመልሶ አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ። አብስትራክት ሥዕልን ለኢትዮጵያ ካስተዋወቁት ግንባር ቀደሙ እሱ ነው። «ጎልጎታ» የሚለውን ሥዕሉን አንዴ ያየ ቀዩን አይረሳውም። እ.ኤ.አ. በ1981 በስደት አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ውስጥ አረፈ። ጀርመን ቀርተው የነበሩ ሥዕሎቹ አገር ቤት ተመልሰው ስድስት ኪሎ ደርሰዋል። ከስድስት ኪሎ ወደ ምሥራቅ ያለው መንገድ ነው የቀረው።

ሐረርስ ሙዚየም መች አጣች? የሚለኝ ይኖራል። ልክ ነው። ጀጎል ውስጥ በየቅያሱ አለ። ሸሪፍ ሙዚየም ውስጥ የተሰበሰበውን መጽሐፍና ሳንቲም፣ ጌጣጌጥና ዘፈን አይቶ የማይገረም የለም። በፈረንሳዊው ገጣሚ ስም የሚጠራው ራምቦ ቤትም አለ፣ ራምቦ ከሐረር ከሄደ በኋላ የተሠራ ቤት ቢሆንም። ሁሉም ግን የሚያወሩት ስለ አያቶቻችን ነው። ሃያ አምስት ዓመት የሆናት የሐረር ወይም የድሬ ሰዓሊ ሥዕሏን የት ትስቀል? ካፌ ግድግዳ ላይ፣ ከኮካ ኮላ ሰዓት አጠገብ። አይቻለሁ።

«ዘመናዊ ሥዕል የፈረንጅ ነው» ለሚለውም መልስ አለኝ። ሐረሪ ቤት ግቡና ግድግዳው ላይ የተደረደረውን ስፌት ተመልከቱ። ቀይ፣ ጥቁር፣ ቢጫ፣ ሦስት ማዕዘን በሦስት ማዕዘን ላይ። ሰው የለበትም፣ እንስሳ የለበትም፣ ቅርጽና ቀለም ብቻ። ይህ አብስትራክት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ገብረ ክርስቶስ ልጅ ሆኖ ይህን እያየ ነው ያደገው ብዬ እገምታለሁ። ግምት ነው፣ ማስረጃ አትጠይቁኝ።

ማስረጃ ያለው ሌላ ነገር ልንገራችሁ። ከድሬ ጥግ ተራራው ላይ ፖርክ ኤፒክ የሚባል ዋሻ አለ፣ በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት ነው። ከዚያ ዋሻ ተቆፍሮ ከወጣው መሐል ከ4,000 በላይ የቀለም ድንጋይ ቁራጭ አለ። ሲመዘን 40 ኪሎ ገደማ። ወደ 40,000 ዓመት ዕድሜ የሚሰጠው ነው፣ እየተፋቀና እየተፈጨ ዱቄቱ ቀለም የሆነ። የቀለም መፍጫ ድንጋይም አብሮ ተገኝቷል። እኛ ሥዕል ቅንጦት ነው እያልን ስንከራከር፣ እዚችው ሰማይ ሥር የኖረ ሰው ቀለም በኪሎ ያከማች ነበር።

ጓደኛዬ (ፎቶውን የለጠፈው) ይህን ሁሉ ሰምቶ «አቦ አታካብድ፣ ሰው ውኃ እየጠበቀ አንተ ሙዚየም ትላለህ» አለኝ። እሱ ላይ አልከራከርም። ድሬ ውስጥ ጀበናችን ውስጥ የሚጋገረውን ኖራ የምንፍቀው እኛው ነን፣ ቧንቧው ስንት ቀን እንደሚጠፋም እናውቃለን። ግን እሱም እኮ የጠየቀው የውኃ ቦቴ አይደለም፣ ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ነው! ለእንግዳ ገንዘብ ይውጣ ካልን አይቀር፣ ጎማ ሲያልቅ የማያልቅ ነገር ላይ ይውጣ።

የሚያሳስበኝስ ሌላ ነው። ሙቀቱና አቧራው። ሸራ ላይ የተሳለ የዘይት ቀለም የድሬን ሰኔ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አይችለውም። መብራት ይጠፋል፣ ማቀዝቀዣው አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ በአንዴ አዳራሹን ሙሉ ሥዕል እንስቀል አልልም። ግድግዳው ወፍራም የሆነ አንድ መጋዘን ይበቃል። ሰፊውን ቤት ለቅርጻ ቅርጽ፣ ለብረት ሥራ፣ ሙቀት ለማይገድለው ነገር እንተወው። ብረት እንደሆነ ግቢው ሙሉ ነው።

አውቶቡሱም ቢሆን አዲስ መግዛት የለብንም። በርሊን ያስተናገደኝ ሰው ስመለስ ስቆብኝ ነበር። ለካ 100 ቁጥር የምትባል ተራ የከተማ አውቶቡስ አለች፣ በተራ ቲኬት በነዚያው ቦታዎች የምታልፍ። እኛም አንድ ጣሪያ ያለው፣ መስኮቱ የሚከፈት የከተማ አውቶቡስ ይበቃናል። ከቀኑ 6 እስከ 9 ድሬ ተኝታለች፣ ሱቁም ዝግ ነው፣ እንግዳውም ይተኛ። በ10 ሰዓት ከለገሃር ይነሳ። ከዚራን ዞሮ፣ የደቻቱን ድልድይ ተሻግሮ፣ መጋላ ይግባ፣ ቀፊራ ገበያ ቅስቱ ጋ ያውርድ። ሳምቡሳው የሚወጣበት ሰዓት ነው። በማግስቱ ጠዋት ደንገጎን እየተጠማዘዘ ሐረር ይውጣ፣ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጀጎል በር ላይ ሁሉም ይውረድ፣ ከዚያ ወዲያ አውቶቡስ አይገባም፣ ቢገባም ለምን?

ባለፈው ሳምንት ግቢው ውስጥ አንድ ጡረተኛ የባቡር ሠራተኛ አገኘሁ። እንግዳ ሲመጣ ያስጎበኛል። የአንዱን የድሮ ማሽን እጀታ በመዳፉ እየጠረገ ሥራውን ነገረኝ፣ ግማሹ ቃል ፈረንሳይኛ ነው። «ጋሼ፣ እዚህ ሥዕል ቢሰቀል ምን ትላለህ?» አልኩት። (ድሬ ነን፣ አንቱታ አይሠራም።) ግድግዳውን አየ፣ ማሽኖቹን አየ።

«ማሽኖቹን እንዳይነኩብኝ» አለ። «ሥዕል ግድግዳ ላይ ነው፣ እነሱ መሬት ላይ ናቸው። አይጋፉም።»