በዓይናቸው ያዩት

ታሪክን ማወቅ ቀድሞ አድካሚ ነገር ነበር፤ መጽሐፍ መግዛት፣ ከገዙም በኋላ ማንበብ፣ ካነበቡም በኋላ ሌላው መጽሐፍ ስለ ምን ሌላ እንደሚል ማሰላሰል ያስፈልግ ነበር። እግዜር ይስጣቸውና የታሪክ ፊልም ተመልካቾቻችን ከዚህ ሁሉ ጣጣ አሳርፈውናል። እነርሱ ከሶፋቸው ሲነሱ ፊልም ያዩ ሰዎች ብቻ ሆነው አይነሱም፤ ለዘመኑ የዓይን ምስክር ሆነው ይነሣሉ።

ከእነዚህ ምስክሮች አንዱ ቅዳሜ ቅዳሜ ከእኛ ጋር ማኪያቶ የሚጠጡ ወዳጄ ናቸው። አንቱ የምላቸው በዕድሜ ስለሚበልጡኝ ብቻ አይደለም፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1297 ስኮትላንድ ውስጥ ጦርነት ያየ ሰው አንተ ሊባል ስለማይገባ ጭምር ነው። ይህን ጦርነት ያዩት፣ በ1995 ወጥቶ አምስት ኦስካር በወሰደው «ብሬቭሃርት» ፊልም ላይ ነው። ታዲያ የስተርሊንግን ውጊያ ሲተርኩልን፣ በንባብ የተጎዳ አንድ ወጣት ከመካከላችን ተነሥቶ፣ የስኮትላንዶቹ የጦር መሪ ዊሊያም ዋላስና ጓዶቹ ያሸነፉት እንግሊዞቹ በጠባብ የእንጨት ድልድይ ላይ ጥቂት በጥቂት ሲሻገሩ ጠብቀው፣ ከፊሉ ጦር ተሻግሮ ከፊሉ ማዶ ሳለ ስለመቷቸው እንደሆነ፣ ፊልሙ ውስጥ ግን ድልድዩ ጭራሽ እንደሌለ ሊያስረዳ ሞከረ።

«የምን ድልድይ? ሜዳ ነው። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፤ አንተ የት አየኸው?» አሉት።

ምስኪኑ አንብቦ እንጂ አይቶ አልነበረምና ዝም አለ። ጥቂት ቆይቶ ግን፣ በፊልሙ ከዋላስ ያረገዘችው ልዕልት ኢዛቤላ ዋላስ በ1305 ሲገደል ገና የ10 ዓመት ገደማ ልጅ ሆና ፈረንሳይ እንደነበረች፣ የበኩር ልጇም የተወለደው በ1312 እንደሆነ ጠቀሰ። ወዳጄ ማኪያቷቸውን ፉት ብለው፣ «አንዳንድ እርግዝና ይቆያል» አሉ። ይህን የመሰለ እርጋታ ከየትኛው ዩኒቨርሲቲ ይገኛል? ደግሞም ንጹሕ አሠራር ነው፤ ማስረጃው አንድ ብቻ ከሆነ እርስ በርሱ የሚጣላበት መንገድ የለም። በዋላስ መገደል ላይ የሰጡት ብያኔም ከዚህ የሚያንስ አልነበረም፤ «አክተሩ መሞት አልነበረበትም» በማለት የእንግሊዝን ፍርድ ቤት በአንድ ዓረፍተ ነገር ሽረውታል።

አገር ቤት ሲመጡ ግን ጥንቃቄያቸው ይበልጥ ያስመሰግናል። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በ2008 በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማት ያገኘ፣ ጀርመን ተምሮ ስለተመለሰው አንበርብርና ስለ ደርግ ዘመን የሚያወሳ ፊልም ነው። ወዳጄ ያንን ዘመን በሥጋቸው ኖረውታል፤ ቀበሌውን፣ ስብሰባውን፣ ሌሊት በር ሲንኳኳ የሚመጣውን ድንጋጤ ያውቁታል። በዕድሜያቸው እውነተኛ ምስክር ሊሆኑ የሚችሉበት ፊልም ቢኖር ይኸው ብቻ ነውና፣ ሁላችንም ወንበራችንን ጠጋ ጠጋ አድርገን የሚሉትን ጠበቅን። «ይንቀራፈፋል። ደግሞ አንዴ ወደ ኋላ፣ አንዴ ወደ ፊት ይሄዳል፤ የት እንዳለሁ ጠፋኝ» አሉ። የአንዱ ወታደር የልብስ ቁልፍ በዚያ ጊዜ እንዲያ እንዳልነበረ ግን አጥብቀው አስገነዘቡን። ስለ ስኮትላንዶቹ ቀሚስ፣ ማለትም በዋላስ ዘመን ገና ስላልነበረው ኪልት፣ አንድም ቀን ቅሬታ አሰምተው አያውቁም፤ እንግዳን ማክበር ባህላችን ነውና።

ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ በ2023 የወጣውን «ናፖሊዮን» በፍላሽ አስጭነው አይተው መጡ። የናፖሊዮን መድፍ የፒራሚዱን ጫፍ ሲመታ ድንጋዩ እንዴት እንደ ረገፈ በሁለት እጃቸው እያሳዩ ተረኩልን። የ1798ቱ ውጊያ የተካሄደው ፒራሚዶቹ ከሩቅ ብቻ በሚታዩበት በኢምባባ አካባቢ እንደነበር፣ ናፖሊዮንም ፒራሚድ ላይ ስለ መተኮሱ ማስረጃ እንደሌለ የሚያውቀው ወጣት በዚህ ጊዜ ትንፍሽ አላለም፤ ተምሯል። እኔ ነኝ ሳላስብ አፌ ያመለጠኝ፤ ዋተርሉ ላይስ እንዴት ተሸነፈ ብዬ ጠየቅሁ።

«ማን ተሸነፈ?»

«ናፖሊዮን።»

ወዳጄ በኀዘኔታ ተመለከቱኝ። ለካ ሞስኮ እየተቃጠለች ሳለ ሰፈራቸው መብራት ጠፍቶ ኖሯል። እሳቸው እስካዩት ድረስ ሰውየው ንጉሠ ነገሥት ነው፤ ትንሽ በርዶታል እንጂ ማንም አልነካውም። ወጣቱ አላስችል ብሎት «ግን እኮ በ1815...» ሲል ጣታቸውን ቀስረው አስቆሙት።

«ቆይ እስቲ፣ አትቸኩል። ዛሬ ማታ መብራት ከመጣ እነግርሃለሁ።»