እንኳን ተሻለህ፣ በሞቴ ጉረስ

ኮሮና ወይም ኢንፍሉዌንዛ የጣለው ሰው ሳሉ ጋብ ካለ «ዳነ» ይባላል። ሆዱን የሚጠይቅለት የለም። እየነፋው፣ እያቅለሸለሸው፣ ሁለት ጉርሻ ሳይውጥ ሽንት ቤት እየሮጠ፣ ቤተሰቡ ደግሞ ሰውነቱ እንዲመለስ ብሎ ዶሮ ወጥ ይሠራለታል። ቅቤው ከላይ ተንሳፍፎ፣ በርበሬው ከሥር ወፍሮ። ቀጥሎ «በሞቴ!» ይመጣል። እምቢ ካለ ሞታቸውን ናቀ፤ እሺ ካለ የራሱን ጠራ።

ቅብጠት አይደለም። የኮሮና ቫይረስ ወደ ሴል የሚገባበት ኤሲኢ2 የተባለው ተቀባይ ሳንባ ላይ ብቻ ሳይሆን በትንሹ አንጀት ግድግዳም በብዛት አለ። የቫይረሱ ቅሪት ከአፍንጫ ከጠፋ በኋላ እንኳ ለሳምንታት በሰገራ ሊገኝ ይችላል። የተቆጣ አንጀት ደግሞ የወተትን ስኳር የሚፈጨውን ኢንዛይም ለጊዜው ሊያጣ ስለሚችል፣ «ለጉልበት» የሚጋተው ወተት ሆድ ይነፋል፣ ተቅማጥም ያመጣል።

ግማሹን ጥፋት ግን ቫይረሱ አልሠራውም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን አባባል እወደዋለሁ፤ በሽታውን የተናገረ ሰው ምን እንደሚደርስበት ግን አይናገርም። ጠዋት በባዶ ሆድ ፌጦ በሎሚ፣ ረፋድ ላይ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት በማር፣ ማታ ዝንጅብል የገባበት አረቄ። ለራስ ምታቱ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን፣ ያውም ምግብ ሳይቀመስ፤ እነዚህ ክኒኖች ጨጓራ ራሱን ከአሲድ የሚከላከልበትን ያዳክማሉ። «ለማንኛውም» ተብሎ አሞክሳሲሊን የተባለው አንቲባዮቲክ ይዋጣል። ቫይረሱን አይነካውም፤ የአንጀትን ጠቃሚ ባክቴሪያ ግን ያጭደዋል። ከዚያ ተቅማጡ ሲብስ «በሽታው አገረሸበት»!

ተቅማጥና ድካም ከተነሣ ደግሞ «ታይፎይድና ታይፈስ» የት ይቀራል? እዚህ ላይ ቂም አለኝ። ዊዳል የሚባለው የታይፎይድ ምርመራ ከ1896 ጀምሮ ያለ ነው፤ የሚያየው ጀርሙን ሳይሆን ሰውነት ያመረተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ድሮ ያለፈ ሕመም ወይም ሌላ ኢንፌክሽንም «ፖዘቲቭ» ሊያስብለው ይችላል። ለማረጋገጥ ጀርሙን ከደም አሳድጎ የሚያይ የደም ካልቸር ያስፈልጋል። ግን ማን ቀናት ይጠብቃል! ወረቀቱ ላይ ቁጥር ከተጻፈ ሌላ አንቲባዮቲክ ይታዘዛል፣ አንጀት ሁለተኛ ዙር ይታጨዳል፣ ታማሚውም «ታይፎይዴ ተነሣብኝ» እያለ ዓመት ይዘልቃል።

ዶሮ ወጡን ረሳሁት። ለጠያቂዎቹ ይቅረብ፤ እርስ በርሳቸው «በሞቴ» ይባባሉ። ለታማሚው ሩዝ፣ ሙዝ፣ ቅቅል ድንች፣ ትንሽ ትንሽ ቶሎ ቶሎ። ቡና፣ ቅቤና በርበሬ ይቆዩት። ተቅማጥ ካለ ኦአርኤስ የተባለው በውኃ የሚበጠበጥ ዱቄት፤ እሱ ከጠፋ በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ 6 ያልተቆለለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። «ይጣፍጥለት» ብሎ ስኳር የሚጨምር እጅ ይያዝ፤ ስኳሩ ሲበዛ ውኃን ወደ አንጀት ስቦ ተቅማጡን ያብሰዋል። ጨው ሲበዛማ አደጋ ነው።

ሰገራው ደም ካለው ወይም እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ክብደት ከቀነሰ፣ ትኩሳት ከተመለሰ፣ ተቅማጡ ሌሊት ከእንቅልፍ ከቀሰቀሰ ሐኪም ዘንድ ይኬድ። ዘመድ ሳይሰማ ቢሆን ይመረጣል።