በር ላይ የምታጉረመርሙ ሆይ

የአገሬ ሰዎች፣ ዛሬ የምቆጣው የምግብ ቤት ባለቤቶችን አይደለም። እናንተን ነው።

ሜኑው ላይ ያያችሁት ዋጋና የመጣው ሒሳብ አልተገናኘም። ጠየቃችሁ። «ዋጋ ጨምሯል፣ ሜኑው ገና አልተቀየረም» ተባላችሁ። ከፈላችሁ። በር ላይ ስትደርሱ ግን «ሌቦች!» አላችሁ። ታክሲ ውስጥም ደገማችሁት፣ ማታ ቲክቶክ ላይ ሦስተኛው ዙር ቀጠለ። በማግሥቱ ያው ሜኑ ለሌላ ደንበኛ ቀረበ። ለሚመለከተው ማን ነገረ?

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አለ። ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ ቦታ መለጠፍ አለበት። ከለጠፈው በላይ ማስከፈል አይችልም። ደረሰኝም ወዲያው መስጠት አለበት። ሸማች በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ፣ ከስድብና ከዛቻ የመጠበቅ መብት አለው። አዎ፣ አክብሮት በአዋጅ ተጽፎልናል። አንዳንድ ካሸሮች ይህን ቢሰሙ ይስቃሉ።

ግን «ያለ ደረሰኝ ከሆነ እንቀንስላችሁ» ሲባል ዓይናችሁ የሚበራው ለምንድን ነው? በዚያች ቅናሽ የሸጣችሁት ማስረጃችሁን ነው። ማታ ሆዳችሁን ቢያማችሁ እዚያ ቤት መብላታችሁን በምን ታሳያላችሁ? 15 በመቶ ቫት ተደምሮባችሁ፣ ሒሳቡ በእስክሪብቶ ተጽፎ በብጣሽ ወረቀት ሲመጣስ? ዝም ብላችሁ ትከፍላላችሁ። ያ ገንዘብ መንግሥት ጋ ይደርሳል ብላችሁ ነው?

ዋናው በሽታችን ይሉኝታ ነው። እንግዳ የጋበዘ ሰው ሒሳቡን ካነበበ ቋጣሪ ይባላል። አንዱ ደፍሮ «ይሄ ምንድን ነው?» ሲል ቀድመው ዝም የሚያሰኙት የራሱ ጓደኞች ናቸው። «ተወው በናትህ፣ ስንት ብር ነው!» ለገንዘቡ ባታስቡ እንኳ፣ ጥያቄ ያነሳውን ሰው አታሸማቅቁት።

ቁርጥ ቤት ደግሞ ሚዛኑን ሳናይ ሥጋው ተቆርጦ ይመጣል። ኪሎ ነው ከተባልን ኪሎ ነው ብለን እንበላለን። ከመቆረጡ በፊት ፊታችን ይመዘን ማለት ምን ነውር አለው? ጾመኛውም ቢሆን «ዘይቱ ሥጋ ተጠብሶበታል ወይ?» ብሎ ለመጠየቅ ያፍራል። ትክክለኛ መረጃ ማግኘትም በአዋጁ የተጻፈ መብት ነው።

ሲብስባችሁ ደግሞ የምትጮሁት አስተናጋጇ ላይ ነው። ዋጋውን እሷ አላወጣችም። ደመወዟ ትንሽ ነው፣ የምትኖረው በቲፕ ነው። ኃላፊውን አስጠሩ።

ኃላፊው ካልሰማ ወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ወይም ከተማው ንግድ ቢሮ ሂዱ። አንድ ገጽ ይበቃል። የቤቱን ስም፣ ቀኑን፣ የተለጠፈውን ዋጋና የከፈላችሁትን ጻፉ። የሜኑውን ፎቶና የደረሰኙን ኮፒ አያይዙ፣ ዋናውን እናንተ ጋ አስቀሩ። ስድቡን ተዉት፣ ጉዳያችሁን ያዳክመዋል። ምግቡ የተበላሸ ወይም ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ከመሰላችሁ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን 8482 ነጻ የስልክ መስመር አለው።

የጎረቤት ካፌ ገበያችሁን ስለወሰደባችሁ ብቻ ክስ የምትፈጥሩ ደግሞ አላችሁ። በእናንተ ምክንያት የእውነተኛ ተበዳይ ወረቀት በጥርጣሬ ይነበባል።

ቢሮው ያደክማል፣ አውቃለሁ። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ትባላላችሁ። እንዲያም ሆኖ ደብዳቤውን ለጸሐፊዋ ሰጥታችሁ አትውጡ። መዝገብ ቤት አስገቡት፣ የገቢ ቁጥርና ቀን በኮፒያችሁ ላይ አስጽፉ። ቁጥር የሌለውን ወረቀት «አልደረሰንም» ማለት ቀላል ነው።