ማስተካከያ፦ ኦንግዌን የተፈረደበት በልጅነቱ ለሠራው አይደለም

ስለ ልጅ ወታደሮች ባለፈው በጻፍኩት ላይ፣ ዑጋንዳዊው ዶሚኒክ ኦንግዌን «በልጅነቱ በፈጸመው ወንጀል ዕድሜ ልክ ተፈረደበት» ብዬ ነበር። ሁለቱም ልክ አይደለም። ይቅርታ።

የዑጋንዳው አማጺ መሪ የጆሴፍ ኮኒ ታጣቂዎች ኦንግዌንን ጠልፈው የወሰዱት 9 ዓመት ገደማ ልጅ ሳለ ነው። ወደ ትምህርት ቤት እየሄደ ነበር። የተከሰሰው ግን ከ2002 እስከ 2005 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) በሰሜን ዑጋንዳ በፈጸመው ነው። ያኔ አዋቂ ሰው፣ ያውም በዚያው የኮኒ ቡድን ውስጥ አዛዥ ነበር። ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ቢፈልግ እንኳ በልጅነቱ ሥራ ሊጠይቀው አይችልም። የፍርድ ቤቱ መቋቋሚያ ሕግ አንቀጽ 26፣ ድርጊቱ ሲፈጸም ዕድሜው ከ18 በታች የነበረን ሰው መዳኘት አይፈቅድለትም።

ቅጣቱም 25 ዓመት ነው። በ2021 በ61 ክሶች ጥፋተኛ ተባለ፤ ይግባኙም በ2022 ውድቅ ሆነ። ዕድሜ ልክ እንዲፈረድበት የጠየቁት የተጎጂዎች ጠበቆች ነበሩ። እኔ ጥያቄውን ከፍርዱ ጋር ቀላቀልኩት።

«ልጅነቱን ማንም አላየለትም» ያልኩትም ተጋኗል። ጠበቆቹ «ተገዶ ነው፣ አእምሮውም ታውኳል» ብለው ነጻ እንዲወጣ ተከራክረው አልተሳካላቸውም። ቅጣቱ ሲወሰን ግን ዳኞቹ መጠለፉን ቆጥረውለታል። ዕድሜ ልክ ያልሆነውም በዚሁ ነው።

አንድ የዘለልኩት ነገርም አለ፤ እሱ ነው የከነከነኝ። ጥፋተኛ ከተባለባቸው ክሶች መካከል ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆችን ለጦርነት መመልመል ይገኝበታል።